ከወፍጮ ድንጋይ እስከ ታክሲ፦ የ«መኪና» ዘር ቆጠራ

ባለፈው መንፈቅ በታሪካዊ ሥነ ልሳን ትምህርት መምህራችን እያንዳንዳችን አንድ ቃል መርጠን ዘሩን እንድንቆጥር አዘውን ነበር። ጓደኞቼ ከበድ ከበድ ያለውን አነሡ፤ «ፍልስፍና»፣ «ፖለቲካ»፣ «ዲሞክራሲ»። እኔ «መኪና» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። «መኪናማ ምን አላት? ጣልያን አመጣት፣ አለቀ!» አለኝ አንዱ። እርግጥ ነው፣ ጣልያን አመጣት። ታዲያ ጣልያንስ ከየት አመጣት? ፈረንሳዩ «ማሺን»፣ ስፔኑና ፖርቱጋሉ «ማኪና»፣ ሩማንያዊው «ማሺነ» ሲል ቃሉ አንድ ነው ወይስ ብዙ? አንድ ከሆነስ ለጣልያኑና ለሩማንያዊው ባለ አራት ጎማዋን ሲያመለክት ለፈረንሳዩ የማያመለክተው ለምንድን ነው?

መልሱ ቃሉ አንድ ነው የሚል ነው። ነገር ግን በአንድ መንገድ አልመጣም። በየትኛው መንገድ እንደመጣ ደግሞ ድምፁ ራሱ ይናገራል። በዚህ ጽሑፍ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ከላቲን የተወለዱትን ቋንቋዎች እንደ ልማዱ «ሮማንስ» እያልኩ እጠራለሁ። ዓመተ ምሕረቱም ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከግሪክ ነው። የአቴና ሰዎች «ሜኻኔ» ይሉ ነበር። መጀመሪያ ትርጉሙ ብረትም እንጨትም አልነበረም፤ «ዘዴ»፣ «መላ»፣ «ብልሃት» ማለት ነበር። ሆሜር ኦዲሴውስን ከሚጠራባቸው ቅጽሎች አንዱ «ፖሉሜኻኖስ» ነው፤ መላ የማያጣ፣ ዘዴው የማያልቅበት እንደ ማለት። ሰው በጡንቻው የማይችለውን በብልሃት ሲችለው ያ ብልሃት «ሜኻኔ» ነው። ቆይቶ ስሙ ከሐሳቡ ወደ ዕቃው ተሻገረ። ድንጋይ የሚያነሣው የእንጨት ማማ፣ ከተማ ሲከበብ ግንብ የሚደበድበው መሣሪያ፣ ሁሉም በዚሁ ስም ተጠሩ።

ከሁሉ የታወቀው ግን የቲያትሩ «ሜኻኔ» ነው። በግሪክ ትራጀዲ ገጸ ባሕርያቱ መውጫ የሌለው ችግር ውስጥ ሲገቡ አምላክ የሆነው ተዋናይ በገመድና በእንጨት ክንድ ተንጠልጥሎ ከላይ ይወርድና ነገሩን ይፈታዋል። አርስቶትል በሥነ ግጥም መጽሐፉ ይህን አልወደደውም። የታሪኩ መፍቻ ከታሪኩ ከራሱ መምጣት አለበት እንጂ ከማንሻው መምጣት የለበትም ባይ ነው። ዛሬ የልቦለድ ሐያስያን «ዴውስ ኤክስ ማኪና» የሚሉት ያው ነው፤ «ከማኪናው የወጣ አምላክ»። የሥነ ጽሑፍ ትምህርት የወሰዳችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። በላቲን አነጋገሩ ውስጥ ያለችው «ማኪና» እና ታክሲ ተራ የተሰለፈችው መኪና የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ግን ስንቶቻችን አስበነዋል?

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ዘዴ ሁለት ፊት አለው። «ዘዴኛ ነው» ስንል አንዳንዴ ማመስገናችን ነው፣ አንዳንዴ ማማታችን። የግሪኩም ቃል እንደዚያው ነበር፣ ወደ ላቲንም ከነጠባዩ ተሻገረ። በላቲን «ማኪናሪ» የሚለው ግስ «መሥራት፣ መፈልሰፍ» ሲሆን «ማሤር»ም ነው። ዛሬ ጣልያንኛው፣ ስፓኒሹ፣ ፈረንሳይኛው ሁሉም ሤራን ከዚሁ ግስ በወጣ ስም ይጠሩታል። በእኛም አገር ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያበጀው ሰው «ጠይብ» ተብሎ ሙያው ሲፈለግ ሰውየው ሲጠረጠር፣ በግፍ ቡዳ ሲባል ኖሯል። ሠሪን መጠርጠር የአንድ ሕዝብ ጠባይ ብቻ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ፤ እኔን ያስደሰተኝ ክፍል ይኼ ነው። በላቲን ቃሉ «ማኪና» ነው፣ ጉልበቱ «ማ» ላይ ያርፋል። ከአቴናው «ሜኻኔ» የተወሰደ ቢሆን ኖሮ መነሻው «ሜ» መሆን ነበረበት። ታዲያ «ማ» ከየት መጣ? ግሪክኛ ብዙ ዘዬ ነበረው። የአቴና ሰው እናቱን «ሜቴር» ሲል የዶሪክ ዘዬ ተናጋሪው «ማቴር» ይላል። በዚያው ዘዬ «ሜኻኔ» «ማኻና» ነው። ዶሪክ የሚናገሩት ግሪኮች ደግሞ ለሮማውያን ጎረቤት ነበሩ፤ በደቡብ ጣልያን ታረንቱም፣ በሲሲሊ ደሴት ሰራኩስ የእነርሱ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ሮማውያን ቃሉን ከአቴና ፈላስፋ መጽሐፍ አልተማሩትም፤ ከጎረቤታቸው አፍ ነው የሰሙት። ሰራኩስ ሮማውያን በ212 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲይዟት የተገደለው የአርኪሜዴስ አገር ናት። ከተማዋን በመሣሪያዎቹ ሲከላከል የኖረው ይኸው ሊቅ የሚጽፈውም በዶሪክ ነበር። ቃሉ ግን ያኔ ሮም ከገባ ቆይቷል።

መቆየቱን እንዴት አወቅን? አሁንም ከድምፁ። «ማኻና» መሐሉ ላይ «ኻ» አለው፣ «ማኪና» ግን «ኪ»። የጥንት ላቲን በቃል መሐል ያለን አጭር የ«ኣ» ድምፅ ወደ «ኢ» የመቀየር ጠባይ ነበረው። «ካኖ» እዘምራለሁ ነው፤ «ኬኪኒ» ዘመርኩ ነው። «ካ» ወደ መሐል ስትገባ «ኪ» ሆነች። ይህ ለውጥ በአንድ ወቅት ሠርቶ ያቆመ ነው። ከዚያ በኋላ የገቡ ቃላት አልደረሰባቸውም። «ማኪና» ስለደረሰባት ቀድማ ገብታለች ማለት ነው። የታላቅዋ ታናሽ ደግሞ አለች፦ ሮማውያን የግሪክን መጽሐፍ ማንበብ ሲያዘወትሩ ከዚሁ ሥር የወጣውን ቅጽል እንደገና ተዋሱና «ሜካኒኩስ» አሉ። እዚህኛው ላይ «ካ» አልተነካችም።

አሁን የአማርኛውን ጥንድ ተመልከቱ፤ «መኪና» እና «መካኒክ»። አንዷ «ኪ»፣ አንዷ «ካ»። ጋራዥ ውስጥ ጎን ለጎን ሲነገሩ ልዩነታቸውን ልብ የሚል የለም። ግን በዚያች በ«ኪ» እና በ«ካ» መካከል ያለው የላቲን ታሪክ በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ነው። አንዷ በአፍ፣ አንዷ በመጽሐፍ መጣች።

በሮም «ማኪና» ሰፊ ቃል ነበር። ቪትሩቪዩስ የሚባለው የሕንጻ ሊቅ በአንደኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከጻፋቸው አሥር መጻሕፍት የመጨረሻውን የሰጠው ለዚሁ ነው። የሚቆጥረው ዕቃ ብዙ ነው፦ ክብደት ማንሻ፣ ውኃ መሳቢያ፣ የጦር መሣሪያ። ሕዝቡ ግን በየቀኑ የሚያየው ማኪና ሌላ ነበር፤ በአህያ የሚዞረው ወፍጮ። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የሰሜን አፍሪካው ተወላጅ አፑሌዩስ በጻፈው ልቦለድ አህያ የሆነው ጀግና ከሚቀምሳቸው መከራዎች አንዱ ይህንኑ ወፍጮ ማዞር ነው። እናም ቀስ በቀስ በተራው ሕዝብ አፍ «ማኪናሪ» የሚለው ግስ «መፍጨት» ሆነ።

ከዚህ በኋላ ቃሉ ለሁለት ተከፈለ። በሕዝቡ አፍ የቀረው ልጅ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወርድ ድምፁ ተለወጠ። በጣልያን ምድር ከ«ኢ» እና ከ«ኤ» በፊት የነበረው «ክ» ወደ «ች» ዞሯል፤ የላቲኑ መቶ «ኬንቱም» የጣልያኑ «ቼንቶ» የሆነው በዚሁ ነው። ስለዚህ «ማኪና» «ማቺና» ሆነች፤ ትርጉሟም «የወፍጮ ድንጋይ»። «ማቺናሬ» መፍጨት ነው። ሩማንያዊውም «መቺና» ሲል «ፈጨ» ማለቱ ነው። ሮም ስትፈርስ፣ ሌላ ሕዝብ ሲመጣ፣ ያ ሁሉ ሲሆን ማንም ሳያስተምራቸው እናት ለልጅ እያወረሰች እዚህ የደረሱ ቃላት ናቸው።

ሌላው ልጅ በብራና ላይ ተኝቶ ቆየ። መነኮሳትና ሊቃውንት ላቲን ሲያነቡ «ማኪና»ን አገኟት፣ እንደ አዲስም ወደየቋንቋቸው አስገቧት። በመጽሐፍ ስለመጣች «ክ» አልተለወጠችም። ጣልያኑ «ማኪና» ብሎ «ኪ»ን አጠበቃት። ስፔኑና ፖርቱጋሉም «ማኪና» አሉ። እንግዲህ በጣልያንኛ «ማቺና» እና «ማኪና» መንትዮች ናቸው። አንዷ ስትሠራ ያደገች፣ አንዷ ስትማር ያደገች ብል ይቀርባል። የኔ ምርጫ የመጀመሪያዋ ነች፤ ግን በዓለም የታወቀችው ሁለተኛዋ ሆነች።

የፈረንሳዩ ነገር ደግሞ ለብቻው ያስቃል። ፈረንሳይኛም ቃሉን ከላቲን መጽሐፍ የወሰደው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ላቲኑ «ክ»ን የጻፈበት ጥምር ፊደል ግን በፈረንሳይኛ «ሽ» ተብሎ ነው የሚነበበው። ያነበቡት እንዳዩት አነበቡትና «ማሺን» ሆኖ ቀረ። ማለትም ቃሉ የተለወጠው በአፍ ሳይሆን በዓይን ነው። የፈረንሳይን አነጋገር ተከትለው እንግሊዝኛው፣ ጀርመንኛው፣ ሩሲያኛው ሁሉ በ«ሽ» ሄዱ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስን ሲያይ የኖረው የሩማንያ ምሁርም ዘመናዊውን ቃል ከፈረንሳይ ወስዶ «ማሺነ» አለ፤ መጨረሻዋ እንደ እኛ ግዕዝ «ነ» ነች። በዚህ ምክንያት ሩማንያዊው የቡና መፍጫውን ሲጠራ «ማሺነ ደ መቺናት» ይላል። ሁለት ሺህ ዓመት በተለያየ መንገድ የሄዱት እህትማማቾች በአንድ ኩሽና ተገናኙ።

ፈረንሳይ ሌላም ልጅ አላት። ስሙ ሲጠፋባቸው «ማሸን» ይላሉ፤ ከዚሁ ከ«ማሺን» የወጣ ወንዴ ቃል ነው። የኛ «እንትን» ማለት ነው። ለሰውም ይሆናል፤ «እገሌ» እንደምንለው። ደ ጎል በ1960 በኮንጎ ጉዳይ በተባበሩት መንግሥታት ተናደው ድርጅቱን በንቀት «ማሸን» ብለውት ዓለም ጉድ ብሏል። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ጦሯን ወደ ኮንጎ የላከችው በዚሁ «እንትን» ሥር መሆኑ ግን ለኛ ቀልድ አልነበረም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቃሉ አንድ ከሆነ ትርጉሙ ለምን ተለያየ? እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ቃሉ እንደ ወንበር ነው፤ በየዘመኑና በየአገሩ ትልቁ ዕቃ ይቀመጥበታል። ለጦረኛው ሮማዊ የከበባ መሣሪያ ተቀመጠ፣ ለገበሬው ወፍጮ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተራው የባቡር ነበር። ዛሬም በጣልያንኛ «ማኪኒስታ»፣ በስፓኒሽም እንዲሁ፣ የባቡር ነጂ እንጂ የታክሲ ሾፌር አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያን ውስጥ አውቶሞቢል መጣና ባቡርን አስነሥቶ ተቀመጠ። «ማኪና» ያለ ምንም ተቀጥላ ሲባል አውቶሞቢል ሆነ። የሩማንያም እንደዚያው። ፈረንሳይ ውስጥ ግን ለአውቶሞቢል «ቯቲዩር» የሚል የድሮ የሠረገላ ስም ተዘጋጅቶ ስለጠበቀ «ማሺን» ቦታውን አላገኘችም። ስፔንም «ኮቼ» ይላል፤ እሱም ከሃንጋሪ የመጣ የሠረገላ ስም ነው።

በስፓኒሽ ዓለም የተለየችው ኩባ ናት። ሃቫና ውስጥ «ማኪና» ማለት አውቶሞቢል ነው፤ በተለይ እነዚያ ያረጁ የአሜሪካ ታክሲዎች። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው ተምረዋል። ከእነርሱ አንዱን ብትጠይቁ ስፓኒሽ ሲማሩ ይህን ቃል ማጥናት እንዳላስፈለጋቸው ይነግሯችኋል ብዬ እገምታለሁ።

በጣልያን አውቶሞቢል ወንድ ይሁን ሴት የሚል ክርክርም ነበረ። በ1920 ጸሐፊው ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ ለፊያቱ ለጆቫኒ አኜሊ ደብዳቤ ጽፎ ሴት ናት ብሎ ፈረደ። «ማኪና»ማ ድሮም በሰዋስው ሴት ነበረች። የእኛ ሾፌሮች ዳኑንዚዮን ሳይጠይቁ «ዛሬ አስቸገረችኝ» ይላሉ። ያ ግን ከጣልያን የመጣ አይመስለኝም፤ አማርኛ የሚያቀርበውን ዕቃ በአንስታይ መጥራት ልማዱ ነው።

እኛ ዘንድ እንዴት ደረሰች? አዲስ አበባ የገባችው የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል ከጣልያን አልመጣችም። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ በ1907 ከሎንዶን ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት ናት፤ ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊ ተከተለው። ዕቃዋ ከእንግሊዝና ከጀርመን መጣች፣ ስሟ ግን ከጣልያን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቃል የሚከተለው ዕቃውን ያመጣውን ሰው ሳይሆን ዕቃውን ፈትቶ የሚገጥመውን ነው። ኤርትራ ከ1890 ጀምሮ በጣልያን እጅ ነበረች። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ደግሞ የጭነት መኪና በገፍ ገባ፣ መንገድ ወጣ። ከድል በኋላም አስመራና አዲስ አበባ የቀሩ ጣልያኖች ጋራዥ ከፈቱ። የእኛ ሰው ቁልፍ እያቀበለ ሙያውን ሲማር ስሙንም አብሮ ተማረ።

ጋራዥ የገባ ሰው ይህን ያውቃል። ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ ደስ ያለኝን ብቻ ላንሣ። «ፍሬን» በጣልያንኛ ድሮ የፈረስ ልጓም ነው፤ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ ስንል ልጓም ሳበ ማለታችን ነው። «ካንዴላ» ሻማ ነች። «ኮፈን» ሣጥን። «ታርጋ» ጋሻ። «ፓራፋንጎ» ጭቃ መከላከያ። ከሁሉ የሚገርመው «ባሌስትራ» ነው። በጣልያንኛ ቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ማለት ሲሆን የተወለደው ከላቲኑ «ባሊስታ» ነው፤ ቪትሩቪዩስ ከማኪናዎች መካከል የሚቆጥረው የጦር መሣሪያ። ተደራርቦ የታጠፈው ብረት ደጋን ስለሚመስል ስሙን ወሰደ። የሮም ጦር ከተማ ይደበድብበት የነበረው ማኪና ዛሬ አይሱዙ ሥር ተኝቶ እህል ይሸከማል።

ድምፁስ? ጣልያኑ «ኪ»ን ሲያጠብቅ እኛ አላላናት፣ «ማ»ም «መ» ሆነች። ቱርክና ዐረብም ከጣልያን ወስደው «ማኪና» ይላሉ፤ ቃሉ በሜዲትራንያንና በቀይ ባሕር ወደቦች ሁሉ የሚዞር የንግድ ቃል ነበር። ለዐረቡ ግን «ማኪና» ማንኛውም መሣሪያ ነው እንጂ አውቶሞቢል አይደለም።

ለእኛስ? «ለኛማ አውቶሞቢል ነው» ለማለት አትቸኩሉ። «የጽሕፈት መኪና» ምንድን ነው? «የልብስ ስፌት መኪና»ስ? ጎማ የላቸውም፣ አይነዱም። ጣልያኑም መጻፊያዋንና መስፊያዋን «ማኪና» ብሎ ተቀጥላ ጨምሮ ነው የሚጠራቸው። ማለትም አማርኛ ከጣልያን የተዋሰው ጠባቡን ትርጉም ብቻ አይደለም፤ ሰፊውንም ወስዶ በጥምር ስሞች ውስጥ አስቀምጦታል። ቃሉ ለብቻው ሲቆም አውቶሞቢል፣ ተቀጥላ ሲይዝ መሣሪያ። በኋላ ዘመን የገቡት ዕቃዎች ግን በእንግሊዝኛው በኩል ስለመጡ «ማሽን» ተባሉ፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የፎቶ ኮፒ ማሽን። ስለዚህ የአንድ ዕቃ ስም «መኪና» ወይም «ማሽን» መሆኑን አይቶ መቼ ገደማ አገራችን እንደገባ መገመት ይቻላል። የመሬት ጥናት ሰዎች በአፈር ንብርብር ዘመን እንደሚቆጥሩት ዓይነት ነው።

ይህ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም ነገር እንዳይመስላችሁ። የእናቴ አባት ደሴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በ1961 ዓ.ም. ያስጻፉት ኑዛዜ ውስጥ መኪናቸውንና ጠረጴዛቸውን ለታናሽ ልጃቸው ማውረሳቸው ተጽፏል። አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ የወረቀቱን ፎቶ አይቶ «የአያታችን መኪና የት ደረሰች? ማን ሸጣት?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ውሎ አድሮ ታናሹን አጎቴን ወደ መጠርጠር ሄደ፤ አንድ ፋሲካ በዚህ ነገር ስልክ ሳይደዋወሉ አልፏል። ነገሩን የፈቱት ታላቅ አክስቴ ናቸው። «አባባ በምን ገንዘብ መኪና ይገዛሉ? ሲንጀሯ ናት እንጂ!» አሉ። ሲንጀሯ አሁንም አጎቴ ቤት በጨርቅ ተሸፍና አለች። አያቴ «መኪናዬ» ሲሉ ተቀጥላ አላስፈለጋቸውም፤ ለእሳቸው ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። ከ50 ዓመት በኋላ የተወለደው የልጅ ልጅ ቃሉን ሲያነብ ሌላ ዕቃ ተቀምጦበት አገኘ። የድሮ ውል፣ ኑዛዜና ደብዳቤ ለጥናት የምታነቡ የክፍላችን ልጆች ይህን ያዙልኝ።

በባቡር ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። «ባቡር» በመነሻው እንፋሎት ማለት ነው፤ ከአውሮፓው «ቫፖር» በቱርክና በዐረብ አፍ ዞሮ የመጣ። «ምድር ባቡር» የምንለው ቃሉ ለብቻው ሰፋ ያለ ስለነበር ነው። በአንዳንድ የገጠር አካባቢ ደግሞ «ባቡር» የእህል ወፍጮ ነው። ልብ በሉ፣ በሮም «ማኪና» ወፍጮ ሆነች፣ እኛ ዘንድ «ባቡር» ወፍጮ ሆነ። አዲስ መሣሪያ ገጠር ሲገባ መጀመሪያ የሚሠራው እህል መፍጨት ስለሆነ ይመስለኛል።

ዘመድ የሚመስሉ ግን ዘመድ ያልሆኑም አሉ፣ እነሱን ሳልለይ ብቀር ዘር ቆጠራው ይበላሻል። አንደኛው «ማኪያቶ» ነው። ካፌ ውስጥ ከ«ማኪና» የሚወጣ፣ በ«ማቺናቶ» ቡና የሚሠራ ስለሆነ የአንድ ቤት ልጅ ይመስላል። አይደለም። «ማኪያ» በጣልያንኛ ነቁጥ፣ እድፍ ነው፣ ከላቲኑ «ማኩላ» የመጣ። ማኪያቶ ወተት ጠብ ያለበት፣ «የቆሸሸ» ቡና ማለት ነው።

ሁለተኛው የዕብራይስጡ ነው። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን አውቶሞቢልን «መኾኒት» ይላሉ፣ መሣሪያን ደግሞ «መኾና»። ከ«መኪና» ጋር መምሰሉ ግሩም ነው! ሥሩ ግን ሴማዊ ነው። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 7 ላይ ለሰሎሞን መቅደስ የተሠሩት ባለ መንኰራኵር የናስ መቀመጫዎች በዕብራይስጥ «መኾና» ይባላሉ። ዘመናዊ ዕብራይስጥን ያበጁት ሰዎች ከአውሮፓው ቃል ጋር መመሳሰሉን አይተው አሮጌውን ቃል አዲስ ሥራ ሰጡት። ሥሩ ከግዕዙ «ኮነ» ጋር አንድ ነው። ስለዚህ «መኾና» በአማርኛ ዘመዷ «መኪና» አይደለችም፤ «መካነ መቃብር» ውስጥ ያለችው «መካን» ናት።

በመጨረሻ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ያላለቀውን ክርክር ላንሣ። «መኪና የባዕድ ቃል ነው፤ ተሽከርካሪ አለልን» ይላሉ። ተሽከርካሪ ጥሩ ቃል ነው፣ በሕግና በትራፊክ ደንብ ቦታውን ይዟል። ነገር ግን ብስክሌትም ጋሪም ተሽከርካሪ ነው። የአያቴን ሲንጀር ደግሞ «የስፌት ተሽከርካሪ» ማን ይላታል? ባዕድ የሚለውም ቢሆን፣ ጣልያን ራሱ ከላቲን መጽሐፍ ነው የተዋሰው፣ ሮም ከታረንቱምና ከሰራኩስ ሰዎች። ከእነዚህ ሁሉ አንዳቸውም ቃሉን ባዕድ ነው ብለው አልመለሱትም። ጓደኞቼ አሁንም አልተስማሙም። በሚቀጥለው መንፈቅ አንደኛው ስለ «ተሽከርካሪ» እጽፋለሁ ብሏል፤ እኔም አንባቢው ለመሆን ተመዝግቤአለሁ።